ሉዊስ ብራንዳይስ፦ የገመና ጠበቃ

ሰው በማኅበር የሚኖር ፍጥረት ነው። ይሁን እንጂ የቱንም ያህል ከጎረቤቱ ጋር ቢቀራረብ፣ ቡና አብሮ ቢጠጣና በአንድ እድር ቢታቀፍ፣ በሩን ዘግቶ ከቤተሰቡ ጋር የሚነጋገረው፣ ለወዳጁ ብቻ ጽፎ የሚልከው፣ በልቡም ሸሽጎ የሚያኖረው የራሱ የሆነ ነገር አለው። ይህንንም አባቶቻችን ገመና ሲሉ ጠርተውታል። የሰውን ገመና መግለጥ ነውር መሆኑን ለመረዳት ሕግ መማር አያስፈልግም። ዳሩ ግን ለብዙ ዘመን የገመና ጠባቂ ሆነው የኖሩት የቤት ግድግዳና የሰው ይሉኝታ ናቸው። ታዲያ ግድግዳን አልፎ የሚያይና የሚሰማ መሣሪያ በተፈጠረ ጊዜ ገመናን ማን ይጠብቀዋል? ይህን ጥያቄ አስቀድመው ካነሡትና ዕድሜያቸውን ሙሉ ካሰቡበት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የሕግ ሊቅ ሉዊስ ብራንዳይስ ነው። ምንም እንኳ እርሱ ኮምፒዩተር በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ ከመግባቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ቢሞትም፣ ያነሣው ክርክር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሕያው ነው።

ብራንዳይስ የተወለደው ኖቬምበር 13 ቀን 1856 በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ ነው። (በዚህ ምንባብ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) አባቱ አዶልፍና እናቱ ፍሬደሪካ ከፕራግ የመጡ አይሁዳውያን ስደተኞች ሲሆኑ፣ ባሕር ተሻግረው ወደ አሜሪካ የገቡት በ1848 በአውሮፓ የተነሣው ሕዝባዊ ዐመፅ ከከሸፈ በኋላ ነበር። አባቱ የእህል ነጋዴ ነበር። ሉዊስም ከአራት ልጆች የመጨረሻው ሆኖ ተወለደ። በዚያን ጊዜ ኬንታኪ ሰውን እንደ ዕቃ መግዛትና መሸጥ በሕግ የተፈቀደባት ግዛት ብትሆንም፣ የብራንዳይስ ቤተሰብ ግን ባርነትን አጥብቆ ይቃወም ነበር። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ትንሹ ሉዊስ ከእናቱ ጋር ሆኖ ለሰሜኑ ጦር ወታደሮች ምግብና ቡና ያቀብል እንደነበር በኋላ ያስታውስ ነበር። የእናቱ ወንድም ዴምቢትዝ ደግሞ ባርነትን በመቃወም የታወቀ ጠበቃ ነበር። ልጁ አጎቱን እጅግ ከማክበሩ የተነሣ ዴቪድ የተባለውን መካከለኛ ስሙን ትቶ ዴምቢትዝ በሚለው ተካው፤ ሙያውንም የመረጠው የእርሱን ፈለግ ተከትሎ ነው።

በ1872 የአባቱ ንግድ እየተዳከመ በመሄዱ ቤተሰቡ ለጊዜው ወደ አውሮፓ ተመለሰ። ሉዊስም በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ትምህርት ቤት ገብቶ በትጋት ተማረ። ትምህርቱን ቢወድደውም የአገሩ ጥብቅ ሥርዓት ግን ይከብደው ነበር። አንድ ምሽት ወደ ማደሪያው ሲመለስ ቁልፉን ረስቶ ስለነበር፣ አብሮት የሚኖረውን ጓደኛውን ለመቀስቀስ በመስኮቱ ሥር ቆሞ አፏጨ። ስለዚህች ትንሽ ነገር ፖሊስ ገሠጸው። ወጣቱ በዚህ ተግሣጽ እጅግ ተናደደ፤ ሰው ማንንም ሳይጎዳ እንደ ፈቀደው የሚኖርበትን አገር ናፈቀ። ነገሩ ቀላል ቢመስልም፣ የኋላ ሕይወቱን ለተመለከተ ሰው ትልቅ ምልክት ነበር።

በ1875 ወደ አሜሪካ ተመልሶ በ18 ዓመቱ ወደ ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ገባ። ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ በደብዛዛ ብርሃን ከማንበብ የተነሣ ዓይኑ ታመመ። ሐኪሞች የሕግ ትምህርቱን እንዲተው መከሩት። ብራንዳይስ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ጓደኞቹ መጻሕፍቱን ጮክ ብለው እንዲያነቡለት እያደረገ፣ የሰማውን በአእምሮው እየመዘገበ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1877 ትምህርቱን ሲጨርስ በክፍሉ አንደኛ ወጣ፤ ያገኘው ውጤትም ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የሚስተካከለው አልተገኘም። ዕድሜው ገና 21 ዓመት ስላልሞላ በደንቡ መሠረት ሊመረቅ አይችልም ነበር፤ ሆኖም ትምህርት ቤቱ በልዩ ውሳኔ አስመረቀው።

ከ1879 ጀምሮ ብራንዳይስ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ከሳሙኤል ዋረን ጋር በቦስተን ከተማ የጥብቅና ቢሮ ከፈተ። ዋረን የባለጸጋ ወረቀት አምራች ልጅ ሲሆን፣ ያገባውም የአንድ የታወቀ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ልጅ ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች በሥራቸው ተሳካላቸው፤ ስማቸውም በከተማው ውስጥ በፍጥነት ታወቀ።

በእነዚያ ዓመታት በአሜሪካ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ እየተስፋፉ ነበር። አንደኛው የጋዜጣ ሥራ ነው። የማተሚያ መኪናዎች በመሻሻላቸው ጋዜጣ ረክሶ በብዛት ይሸጥ ጀመር። አንዳንድ አዘጋጆችም ገበያ ለመሳብ ሲሉ የታወቁ ቤተሰቦችን ሠርግ፣ ግብዣና የቤት ውስጥ ጉዳይ እየተከታተሉ መጻፍን ሥራቸው አደረጉት፤ የዋረንም ቤተሰብ ከዚህ ወሬ አልዳነም። ሁለተኛው ፎቶግራፍ ነው። ቀድሞ ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው ወደ አንሺው ቤት ሄዶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። ስለዚህ ሰው ሳያውቅና ሳይፈቅድ ምስሉን መውሰድ አስቸጋሪ ነበር። በ1888 ግን ጆርጅ ኢስትማን የተባለ ፈልሳፊ ኮዳክ የተሰኘውን ትንሽ የፎቶግራፍ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ዋጋው 25 ዶላር ሲሆን፣ 100 ሥዕል የሚያነሣ ፊልም ተጭኖበት ይሸጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማንኛውም መንገደኛ መሣሪያውን በእጁ ይዞ ያሻውን ሰው ባሻው ቦታ ለማንሣት ቻለ።

ብራንዳይስና ዋረን ይህን በመመልከት ዲሴምበር 15 ቀን 1890 በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ላይ ስለ ግል ሕይወት መብት አንድ ጽሑፍ አወጡ። በዚያን ጊዜ ብራንዳይስ የ34 ዓመት ሰው ነበር። የጽሑፉ ፍሬ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ሕግ ከሰው ኑሮ ጋር አብሮ ያድጋል። በጥንት ዘመን ሕግ ሰውን የሚጠብቀው ከዱላና ከዝርፊያ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ከዛቻ፣ ከስም ማጥፋት፣ እንዲሁም በእጅ የማይዳሰሰውን የደራሲንና የፈልሳፊን ሥራ ከመንጠቅ ይጠብቅ ጀመር። አሁን ደግሞ አዳዲስ መሣሪያዎች የሰውን የግል ኑሮ ለአደባባይ ማብቃት ስለቻሉ፣ ሕግ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ የሰውን ሰላም ሊጠብቅ ይገባል፤ ሰው ሳይነካና ሳይረበሽ ለብቻው የመተው መብት አለውና።

ሐሳባቸውን ለማስረዳት ጸሐፊዎቹ የቆዩ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ጠቀሱ። ከነዚህም አንዱ በ1849 በእንግሊዝ አገር የተወሰነው ነው። ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ ልዑል አልበርት ለራሳቸው ደስታ የሠሩዋቸው ሥዕሎች ቅጂ ከማተሚያ ቤት ወጥቶ በሌላ ሰው እጅ ገባ። ያም ሰው ሥዕሎቹን ለሕዝብ ለማሳየትና ዝርዝራቸውን አሳትሞ ለመሸጥ ተዘጋጀ። ፍርድ ቤቱ ግን ሥዕሎቹን ብቻ ሳይሆን ዝርዝራቸውን ማሳተሙንም ከለከለ። ብራንዳይስና ዋረን ከዚህ ተነሥተው ሲያስረዱ፣ ፍርድ ቤቱ የጠበቀው የወረቀቱን ዋጋ አይደለም፤ የጠበቀው ባለቤቱ የራሱን ነገር ለማን እንደሚገልጥና ከማን እንደሚሰውር የመወሰን ነጻነቱን ነው አሉ። ይህ መብት ደግሞ የነገሥታት ብቻ መሆን የለበትም፤ የተራው ሰውም ነው።

ይሁን እንጂ ጸሐፊዎቹ ለመብቱ ወሰን አበጅተውለታል። ለሕዝብ ጥቅም ያለው ጉዳይ በጋዜጣ እንዳይወጣ መከልከል አይገባም አሉ። ሥልጣን የያዘ ወይም ሥልጣን የሚፈልግ ሰው በሥራው ረገድ ሊተች ይችላል። ሰው በፈቃዱ ያሳተመውን ነገር ደግሞ መልሶ የግል ምስጢሬ ነው ሊል አይችልም። በዚህ ዓይነት የግል ሕይወትን ለመጠበቅ ሲሉ የጋዜጣን ነጻነት እንዳይጎዱ ተጠንቅቀዋል።

ሐሳቡ ወዲያውኑ ሕግ ሆኖ አልተገኘም። በ1902 በኒው ዮርክ ግዛት የአንዲት ወጣት ምስል ያለ ፈቃዷ በ25,000 የዱቄት ማስታወቂያ ወረቀቶች ላይ ታትሞ በየሱቁና በየመጋዘኑ ተለጠፈ። ልጅቱ ብትከስም የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ መብት በሕግ አይታወቅም በማለት ክሷን ውድቅ አደረገው። ሕዝቡ በውሳኔው እጅግ በመቆጣቱ በሚቀጥለው ዓመት የግዛቱ ምክር ቤት የሰውን ስምና ምስል ያለ ፈቃዱ ለንግድ ማዋልን በሕግ ከለከለ። በ1905 ደግሞ የጆርጂያ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የግል ሕይወት መብት መኖሩን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ግዛቶችም አንድ በአንድ ተከተሉ።

በዚህ መካከል ብራንዳይስ በሌላ ሥራም ስሙ ገነነ። በሙያው በቂ ሀብት ካፈራ በኋላ ለሕዝብ ጥቅም ሲል የሚከራከርባቸውን ጉዳዮች ያለ ክፍያ መያዝ ጀመረ፤ ስለዚህም የሕዝብ ጠበቃ የሚል ስም ወጣለት። የሕይወት መድን ድርጅቶች ከወዛደሩ ብዙ እየተቀበሉ ጥቂት እንደሚመልሱ በጥናት ካረጋገጠ በኋላ፣ የቁጠባ ባንኮች በርካሽ ዋጋ መድን እንዲሸጡ የሚፈቅድ ሕግ በ1907 በማሳቹሴትስ ግዛት እንዲወጣ አደረገ። በ1908 ደግሞ የሴት ሠራተኞችን የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ የሚደነግገውን የኦሪገን ግዛት ሕግ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከላከለ። ያቀረበው ጽሑፍ ከ100 ገጽ በላይ ሲሆን፣ ስለ ሕግ የሚናገረው ጥቂቱ ብቻ ነበር። የቀረው ረዥም ሰዓት መሥራት በሰው ጤና ላይ ስለሚያስከትለው ጉዳት ከሐኪሞችና ከፋብሪካ ተቆጣጣሪዎች የተሰበሰበ ማስረጃ ነበር። በክርክሩም ረታ።

በ1914 ታላላቅ ባንኮች በሌላ ሰው ገንዘብ እንዴት እንደሚከብሩ የሚገልጥ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህም መጽሐፍ ትልልቅ ድርጅቶችና ባለሥልጣኖች ሥራቸውን በግልጽ እንዲሠሩ፣ ሒሳባቸውም ለሕዝብ እንዲታወቅ አጥብቆ ጠየቀ። በጨለማ የሚበቅለውን ተንኮል የፀሐይ ብርሃን ያደርቀዋል የሚል እምነት ነበረው። አንዳንድ ሰዎች ስለ ገመና የጻፈ ሰው ስለ ግልጽነት መጻፉ እርስ በርሱ የሚጋጭ መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ነገር ግን አይጋጭም። ብራንዳይስ ሚዛኑን ያኖረው በኃይል ላይ ነው። ኃይል ያለው ወገን በሌሎች ሕይወት ላይ ስለሚወስን ሥራው በብርሃን መታየት አለበት፤ ኃይል የሌለው ግለሰብ ግን ከዚያ ኃይል የሚሸሸግበት መጠለያ ያስፈልገዋል። ገመና የደካማው ጋሻ ነው፤ ምስጢር ደግሞ በብርቱ እጅ ሲገባ ጦር ይሆናል።

ጃንዋሪ 28 ቀን 1916 ፕሬዚዳንት ዉድሮ ዊልሰን ብራንዳይስን ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት አጨው። ይህ በተሰማ ጊዜ ታላቅ ተቃውሞ ተነሣ። የባንክና የባቡር ሐዲድ ባለሀብቶች፣ ቀድሞ የተሟገታቸው ሁሉ በአንድነት ተነሡበት። በዚያ ላይ ከእርሱ በፊት በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ አይሁዳዊ ስላልነበረ፣ በዘሩ የጠሉትም ብዙዎች ነበሩ። ክርክሩ አራት ወር ከቆየ በኋላ ጁን 1 ቀን 1916 በ47 ድጋፍና በ22 ተቃውሞ ሹመቱ ጸደቀ። ከባልደረቦቹ ዳኞች አንዱ ለብዙ ዓመታት ሰላምታ እንኳ ነፍጎት ኖሯል። ብራንዳይስ ግን ሥራውን በትዕግሥት ቀጠለ።

የሕይወቱ ትልቁ ፈተና የመጣው በ1928 ነው። በዚያን ዘመን በአሜሪካ የሚያሰክር መጠጥ መሥራትና መሸጥ በሕገ መንግሥት ተከልክሎ ነበር። ሮይ ኦልምስቴድ የተባለ የሲያትል ከተማ የቀድሞ የፖሊስ መኮንን፣ ከ50 የማያንሱ ሰዎችን አሰማርቶ ከካናዳ መጠጥ በድብቅ እያስገባ ይሸጥ ነበር፤ የዓመት ሽያጩም ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደነበር ተመዝግቧል። የመንግሥት ሰላዮች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በስምንት ስልኮች መስመር ላይ ሽቦ ቀጥለው፣ አምስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ የሚነገረውን ሁሉ ሲያዳምጡ ቆዩ። የሰሙትንም በ775 ገጽ ጽፈው አቀረቡ። ሽቦው የተቀጠለው በመንገድ ላይና በአንድ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት ስለነበር፣ ወደ ተከሳሾቹ ቤትም ሆነ ቢሮ ማንም አልገባም። በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ስልክ መጥለፍ ራሱ ወንጀል ነበር።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛው ማሻሻያ መንግሥት ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ትእዛዝ የሰውን ቤት፣ ወረቀትና ንብረት እንዳይበረብር ይከለክላል። ጥያቄው ስልክ መጥለፍ እንደ ብርበራ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚል ነበር። ጁን 4 ቀን 1928 አምስት ዳኞች አይቆጠርም ሲሉ ወሰኑ። ውሳኔውን የጻፈው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዊልያም ታፍት ሲሆን፣ ምክንያቱም ማንም ወደ ቤት አልገባም፣ በእጅ የተያዘ ዕቃም የለም፣ የተደረገው ማዳመጥ ብቻ ነው የሚል ነበር። በዚህ አተረጓጎም መሠረት ግድግዳው እስካልተደፈረ ድረስ ገመናው እንዳልተደፈረ ይቆጠራል ማለት ነው።

አራት ዳኞች በዚህ አልተስማሙም። ከነርሱም መካከል ብራንዳይስ ረዥም የልዩነት ሐሳብ ጻፈ። በአምስቱና በአራቱ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ድምፅ ብቻ ስለነበር፣ ሽንፈቱ መራራ ነበር። ብራንዳይስ ሐሳቡን በሦስት ምክንያቶች አጸናው። አንደኛ፣ ሕገ መንግሥት ለሚመጡት ትውልዶች ጭምር የተጻፈ ስለሆነ፣ ሕጉ በወጣበት ጊዜ ባልነበሩ መሣሪያዎች ላይም ሊሠራ ይገባል አለ። የታሸገ ደብዳቤ በፖስታ ሲሄድ መንግሥት ያለ ትእዛዝ እንዳይከፍተው ፍርድ ቤቱ ከ50 ዓመት በፊት ወስኖ ሳለ፣ በሽቦ የሚሄድ ቃል ከደብዳቤ የሚያንስበት ምክንያት የለም። እንዲያውም የስልክ ጠለፋ የከፋ ነው። በአንድ ስልክ ላይ ጆሮውን የጣለ ሰላይ የተጠርጣሪውን ብቻ ሳይሆን የሚደውሉለትንና የሚደውልላቸውን ንጹሐን ሰዎች ሁሉ ምስጢር ይሰማልና።

ሁለተኛ፣ የሳይንስ ግስጋሴ በስልክ ጠለፋ አያበቃም ሲል አስጠነቀቀ። መንግሥት ወረቀቶችን ከተቆለፈ መሳቢያ ሳያወጣ በፍርድ ቤት አባዝቶ የሚያቀርብበት፣ በቤት ጓዳ የተፈጸመውን ለማያውቁት ዳኞች የሚያሳይበት ዘዴ አንድ ቀን ሊፈጠር እንደሚችል ተነበየ። ይህን የጻፈው ኮምፒዩተርና ተንቀሳቃሽ ስልክ በማይታወቁበት ዘመን መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ሦስተኛ፣ መንግሥት ለዜጎቹ ሁሉ መምህር በመሆኑ፣ ራሱ ሕግን ከጣሰ ሕዝቡን ሕግ መናቅን ያስተምራል አለ። ነጻነት በክፉ ሰዎች እጅ ሲጠቃ ሁሉም ይነቃል፤ ለበጎ ዓላማ በሚተጉ፣ ነገር ግን ማስተዋል በጎደላቸው ሰዎች ሲሸረሸር ግን የሚነቃ ጥቂት ነው። ብራንዳይስ ለመጠጥ ነጋዴው አላዘነለትም፤ ያሰበው ነገ በዚያው መስመር ስለሚነጋገሩት ሰዎች ነበር።

ኦልምስቴድ አራት ዓመት ታስሮ ቅጣቱን ፈጸመ፤ በ1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ምሕረት አደረገለት። በ1934 የአሜሪካ ምክር ቤት ስልክ ጠልፎ የተሰማውን መግለጥን የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ በ1937ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመንግሥት ሰላዮች በዚህ መንገድ ያገኙት ማስረጃ በፌዴራል ፍርድ ቤት ተቀባይነት እንዳይኖረው ወሰነ። የ1928ቱ የሕገ መንግሥት ትርጉም ግን ገና አልተሻረም ነበር።

የታላቅ ሰው ታሪክ ሲጻፍ ጉድለቱም መነገር አለበት። በ1927 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንዲት የአእምሮ ድካም አለባት የተባለች ወጣት እንዳትወልድ በመንግሥት ትእዛዝ በቀዶ ሕክምና እንድትመክን ሲፈቅድ፣ ብራንዳይስ ከስምንቱ አብላጫ ዳኞች ጋር ድምፁን ሰጥቷል። የሰውን የስልክ ቃል እንኳ እንዳይነካ የተሟገተ ዳኛ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የአንዲት ምስኪን ሰውነት ሲደፈር ዝም ማለቱ ያሳዝናል። ይህም አንድን መብት ለሁሉም ሰው እኩል ማየት ለሊቃውንትም ቢሆን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያስተምረናል።

ብራንዳይስ በ1891 አሊስ ጎልድማርክን አግብቶ ሁለት ሴቶች ልጆች ወልዷል። ባለጸጋ ቢሆንም ኑሮው ቀላል ነበር፤ ቤቱ ያጌጠ፣ ማዕዱም የተትረፈረፈ አልነበረም። ለ23 ዓመታት ያህል ካገለገለ በኋላ በፌብሩዋሪ 1939 ከዳኝነት በጡረታ ተሰናበተ። ኦክቶበር 5 ቀን 1941 በ84 ዓመቱ በዋሽንግተን ከተማ ዐረፈ። አመዱ በተወለደበት በሉዊቪል ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ተቀብሯል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ የተሸነፈው ሐሳብ ከ39 ዓመት በኋላ አሸነፈ። በሎስ አንጀለስ ከተማ አንድ ቁማርተኛ በመንገድ ዳር የስልክ ቤት ውስጥ ገብቶ ሲነጋገር፣ የመንግሥት ሰላዮች ከስልክ ቤቱ ውጭ የማዳመጫ መሣሪያ አድርገው ቃሉን ቀረጹት። ጉዳዩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜ፣ ዲሴምበር 18 ቀን 1967 ሰባት ዳኞች ለአንድ ሆነው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲህ ማድረግ ሕገ መንግሥትን መጣስ ነው ሲሉ ወሰኑ። ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው ቦታን ሳይሆን ሰውን ነው አሉ። የ1928ቱ ውሳኔም በዚያ ቀን ተሻረ።

በእኛም ዘመን ክርክሩ መልኩን እየለወጠ ቀጥሏል። ተንቀሳቃሽ ስልክ በኪስ የሚያዝ ቢሆንም፣ ደብዳቤን፣ ፎቶግራፍን፣ የባንክ ሒሳብንና የወዳጅን ስም ሁሉ ይይዛል፤ ባለቤቱ የዋለበትንና ያደረበትንም ይመዘግባል። በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀረበለት ጉዳይ ይህንኑ የሚመለከት ነበር። ፖሊስ የአንድን ተጠርጣሪ የ127 ቀን እንቅስቃሴ የሚያሳይ መዝገብ ከስልክ ድርጅቶች ወስዶ ነበር፤ በመዝገቡም ሰውየው የተገኘባቸው 12,898 ነጥቦች ተመልክተው ነበር። ዳኞቹ በአምስት ለአራት ድምፅ፣ እንዲህ ያለውን መዝገብ ለመውሰድ በመርሕ ደረጃ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል ሲሉ ወሰኑ። በውሳኔውም መጨረሻ ላይ ብራንዳይስ በ1928 የጻፈውን የልዩነት ሐሳብ አስታወሱ። ብራንዳይስ በአንድ ድምፅ በተሸነፈበት ወንበር ፊት፣ ሐሳቡ ከ90 ዓመት በኋላ በአንድ ድምፅ ብልጫ ረታ።

ይህ መብት በአሜሪካ ብቻ የሚነገር አይደለም። በ1948 የጸደቀው የዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በ12ኛው አንቀጽ የግል ሕይወትን፣ የቤተሰብንና የደብዳቤን ክብር ጠብቋል፤ ኢትዮጵያም መግለጫውን ደግፈው ድምፅ ከሰጡት አገሮች አንዷ ነበረች። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በ26ኛው አንቀጽ በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶች እንዳይደፈሩ ይደነግጋል።

ሕግ ግን በወረቀት ላይ ተጽፎ ብቻውን አይሠራም። ዛሬ የሌላውን ሰው ፎቶግራፍ ሳይጠይቅ የሚያሰራጭ፣ የጓደኛውን ስልክ ከፍቶ መልእክቱን የሚያነብ ወጣት፣ በ1890 ብራንዳይስን ያሳሰበውን ነገር በእጁ ይዟል። በዚያን ጊዜ አንድ መቶ ሥዕል የሚያነሣ መሣሪያ ለማግኘት 25 ዶላር መክፈል ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ግን በአንድ ጣት ንክኪ የሰው ገመና በሺህ የሚቆጠር ዓይን ፊት ይቀርባል። ግድግዳው ከወደቀ ቆይቷል። የቀሩት ጠባቂዎች ሕግና ይሉኝታ ናቸው፤ ሁለቱንም ማጽናት የእያንዳንዱ ዜጋ ፈንታ ነው።

የምንባብ ጥያቄዎች

1. ብራንዳይስና ዋረን የ1890ውን ጽሑፍ እንዲጽፉ ያነሣሷቸው ሁለት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
2. ስለ ገመና መከራከርና ስለ ግልጽነት መከራከር እርስ በርሳቸው የማይጋጩት ለምንድን ነው?
3. በ1928 አብላጫዎቹ ዳኞች ስልክ መጥለፍን እንደ ብርበራ ያልቆጠሩት በምን ምክንያት ነው? ብራንዳይስስ ምን መልስ ሰጠ?
4. ጸሐፊው የብራንዳይስን ጉድለት በምንባቡ ውስጥ ያስገባው ለምን ይመስላችኋል?
5. «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከብራንዳይስ ታሪክ ጋር እንዴት እንደሚስማማ በአንድ አንቀጽ ጽፋችሁ አስረዱ።